50 ስማርት ሰዓት ይገዛ ወይስ አይገዛ? ለአንዲት የስፖርት መምህርት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ነኝ፤ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ 45 ተማሪ አለኝ። በሳምንት ሁለት ጊዜ እንገናኛለን፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ትምህርት ቤቱ 6 ታብሌትና አንድ ትልቅ ስፒከር ሰጥቶኛል። አሁን ደግሞ የልብ ምትና እርምጃ የሚቆጥር 50 ስማርት ሰዓት ለመግዛት አስበዋል፤ ማርክም በሰዓቱ ውጤት እንድሰጥ ይፈልጋሉ። ታብሌቶቹን ሞክሬያቸው ግማሹ ክፍለ ጊዜ በማደልና በመሰብሰብ አለቀብኝ። መቀረጽ የማይፈልጉ ልጆችም አሉ። ከየት ልጀምር?»

ጋሼ ካልሽኝ አንቺ እያልኩ ልቀጥል። አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ ሰዓቱ አይገዛ። ከስፒከሩ ጀምሪ። ከስድስቱ ታብሌት አንዱን፣ ቢበዛ ሁለቱን ሜዳ አውጪ፤ የቀሩት ቢሮ ይቀመጡ። በልብ ምት ማርክ መስጠት የሚባለውን ነገር ደግሞ ጭራሽ እርሺው።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልግባ። የስፖርት መምህራንን በማሰልጠን ሥራ ላይ ስላለሁ ይህ ጥያቄ በየመልኩ ይመጣልኛል፤ አንዱ ጋ ታብሌት ነው፣ ሌላው ጋ ጌም፣ ሌላው ጋ ካሜራ። እኔ ግን ሁልጊዜ የምጀምረው ከደቂቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ልብን በደንብ የሚያሠራ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። በሳምንት 420 ደቂቃ ማለት ነው። አንቺ ያለሽ 80 ነው። እሱም ልብስ መቀየሪያው፣ ስም መጥሪያው፣ ኳስ ማውጫው ሳይቀነስ። ስለዚህ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ብቻውን የልጁን የሳምንት እንቅስቃሴ ይሞላል ብለን አንዋሽ። ሥራሽ ልጁ የሆነ ነገር ችሎ፣ ወድዶት፣ ነገ ያላንቺ ደግሞ እንዲሠራው ማድረግ ነው። ማንኛውም ዕቃ የሚመዘነው በዚህ ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። 45 ልጆች፣ ለእያንዳንዱ ሰዓት ሰጥቶ ለማሰር 10 ሰከንድ ብቻ ይፍጅ። 450 ሰከንድ፣ ሰባት ደቂቃ ተኩል። መልሶ ለመሰብሰብም እንደዚያው። 15 ደቂቃ ሄደ! ከ40ው። ይህ እንግዲህ ሁሉም ቻርጅ ተደርጎ፣ ሁሉም ከአፑ ጋር ተገናኝቶ፣ «ቲቸር የኔ አይበራም» የሚል ልጅ ሳይኖር ነው። እንዲህ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም።

ማንኛውንም ነገር ከመግዛትሽ በፊት አንድ ቀን ይህን ሞክሪ። አንድ ተማሪ በልብሽ ምረጪ፤ ጎበዙን ሳይሆን መሃል ላይ ያለውን። አንድ ባልደረባሽ ዳር ቆሞ ልጁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የስልኩን ሰዓት ያስጀምር፣ ልጁ ሲቆም ያቁም። መጨረሻ ላይ ስንት ደቂቃ ሆነ? በብዙ ቦታ የሚጠቀሰው ግብ የክፍለ ጊዜው ግማሽ ያህል ነው፣ አንቺ ጋ 20 ደቂቃ ማለት ነው። ውጤቱ ዘጠኝ ወይም አስር ቢሆን አትደንግጪ፤ ሰልፍ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ይበላል። ግን አሁን መለኪያ አገኘሽ። ቴክኖሎጂ ስታስገቢ ያ ቁጥር ከቀነሰ፣ ዕቃው የቱንም ያህል ቢያብለጨልጭ እየጎዳሽ ነው።

ስፒከሩን የማስቀድመውም ለዚህ ነው። ማንም እንደ ቴክኖሎጂ አይቆጥረውም፣ ሪፖርት ላይም አያምርም፤ ግን ከሁሉም በላይ እጅሽን ነፃ የሚያወጣው እሱ ነው። ሜዳውን ወደ ስምንት ጣቢያ ከፋፍዪው፤ አንዱ ጋ ገመድ ዝላይ፣ አንዱ ጋ ኳስ ማንጠር፣ አንዱ ጋ ፑሽ አፕ፣ እያልሽ። 40 ሰከንድ ሙዚቃ፣ 20 ሰከንድ ዝምታ እየሆነ የሚሄድ አንድ ፋይል ቀድመሽ አዘጋጂ ወይም የኢንተርቫል ሰዓት ያለው ነፃ አፕ ተጠቀሚ። ሙዚቃው ሲጮህ ይሠራሉ፣ ሲቆም ወደሚቀጥለው ጣቢያ ይሄዳሉ። አንቺ ፊሽካ ከመንፋት፣ ሰዓት ከማየት፣ «ቀይሩ!» እያሉ ከመጮህ ተገላገልሽ። አሁን ገመድ መዝለል ያቃታት ልጅ ጋ ሄደሽ ሁለት ደቂቃ ሙሉ መቆም ትችያለሽ። ለ45 ተማሪ አንድ መምህርት ባለበት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በዚያው ስፒከር የ20 ሜትር ምልልስ ሩጫ መሥራት ይቻላል፤ ቢፕ ቴስት የሚባለው። ካናዳዊው ሉክ ሌዤ ከባልደረባው ጋር በ1982 ያሳተመው ነው። አሁን የተለመደው ዓይነት በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይጀምራል፣ በየደቂቃው 0.5 ይጨምራል። ሁለት መስመር፣ አንድ ድምፅ፣ በቃ። ችግሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የሚወጣው ሁልጊዜ ያው ከበድ ያለ ወይም ያው ያልለመደ ልጅ ነው፣ ወጥቶም የክፍሉ ሁሉ ዓይን ያርፍበታል። በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲህ እየተዋረደ ስፖርት የሚወድ ልጅ የለም። ጥንድ ጥንድ አድርጊያቸው፤ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ዙር ይቁጠርለት። የደከመው ልጅ እንዲወጣ አታድርጊ፤ አንድ ዙር አርፎ ተመልሶ ይግባ። ቁጥሩ የሚጻፈው በልጁ በራሱ ደብተር ነው፣ የሚነጻጸረውም ካለፈው ከራሱ ጋር። ግድግዳ ላይ ስም ዝርዝር አይለጠፍ።

ወደ ታብሌቱ እንምጣ፤ የኔ ተወዳጅ ክፍል ይሄ ነው። አንቺ ያደረግሽው፣ ሁሉም የሚጀምረው እንደዚያ ነው፣ ታብሌት ለየቡድኑ አድሎ «ተቀራረጹ» ማለት ነው። ከዚያ ቡድኑ ስክሪኑ ላይ ይደፋል፣ ይስቃል፣ ፊቱን ፎቶ ያነሳል። የሚያዋጣው አሠራር ሌላ ነው። ታብሌቱን አንድ ቦታ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ትከያለሽ፣ ቪዲዮ አዘግይቶ የሚያሳይ አፕ ትከፍቻለሽ። በነፃ የሚገኙ አሉ። ካሜራው ያየውን ከ15 ወይም ከ20 ሰከንድ በኋላ ራሱ ያሳያል፤ ማንም አይነካውም፣ ማንም «ቅረጽ» አይልም። ልጁ ይዘላል፣ ይነሳል፣ አሸዋውን ያራግፋል፣ ወደ ሰልፉ ሲመለስ በታብሌቱ አጠገብ ያልፋል፣ ልክ ሲደርስ ራሱን ሲዘል ያያል። ከዚያ ይቀጥላል። ሰልፉ አልቆመም፣ ደቂቃ አልባከነም። ብዙዎቹ አፖች በዚህ አሠራር ቪዲዮውን አያስቀምጡም፤ የአንቺን አፕ ግን ቅንብሩን ገብተሽ አረጋግጪ። መቀረጽ ለማይፈልጉት ልጆች ይህ ራሱ ግማሽ መልስ ነው፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

ካሜራው የት ይቀመጥ? ከጎን፣ ለእንቅስቃሴው ቀጥ ብሎ፣ በዳሌ ከፍታ፣ ሙሉ ሰውነቱን እስኪይዝ ድረስ ራቅ ብሎ። ሰያፍ ከሆነ ጉልበቱ ምን ያህል እንደታጠፈ በትክክል አይታይም። ፀሐይ ከካሜራው ጀርባ ትሁን። ስክሪኑ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ምንም አያሳይም፤ አንድ ካርቶን ቆርጠሽ እንደ ባርኔጣ ግጠሚለት። ታብሌቱ በፀሐይ ከጋለ ራሱን ያጠፋል፣ ስለዚህ ጥላ ካለ ጥላው ውስጥ ትከዪው።

ከዚህ በላይ ግን ዋናው ነገር ልጁ ምን እንደሚያይ ነው። ምንም ሳትነግሪው ቪዲዮውን ካሳየሽው የሚያየው ፀጉሩንና ቲሸርቱን ነው። አንድ ነገር ብቻ ስጪው። ርዝመት ዝላይ ከሆነ «መነሻው ላይ የነፃው እግርህ ጉልበት ወደ ላይ ወጥቷል ወይስ አልወጣም?» መረብ ኳስ ሰርቪስ ከሆነ «ኳሱን የመታሽው ከጭንቅላትሽ በላይ ነው ወይስ ፊትሽ ፊት ለፊት?» አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ። በአንድ ቀን አምስት ስህተት የተነገረው ልጅ አንዱንም አያስተካክልም።

ሌላው፣ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ አያሳዩት። ይህ ብዙ መምህራን የሚገረሙበት ነው። የእንቅስቃሴ ትምህርት ተመራማሪዎች ከ1984 ጀምሮ ሲሉት የቆየ ነገር አለ፤ ተማሪ በየሙከራው ከውጭ መልስ ሲሰጠው በልምምዱ ሰዓት ጥሩ ይሠራል፣ መልሱ ሲነሳበት ግን ይወድቃል። ምክንያቱም የራሱን ሰውነት ማዳመጥ አልተማረም፤ ስክሪኑ ሲነግረው ነበር። ስለዚህ ታብሌቱ ከስምንት ጣቢያ አንዱ ላይ ይኑር። ወይም ልጁ ከማየቱ በፊት ይናገር፦ «ጉልበቴ የወጣ ይመስለኛል»፣ ከዚያ ይመልከት። የተሰማውና የታየው ሲለያዩ ነው ትምህርቱ የሚመጣው። እኔ ቪዲዮ ከተሰጠው ልጅ ይልቅ ገምቶ ያየ ልጅ ሲሻሻል ነው የማየው።

ስሎው ሞሽን ካስፈለገሽ፣ ተራ ቪዲዮ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ ማለትም 30 ነጠላ ምስል፣ ይይዛል፣ ብዙ ስልኮችና ታብሌቶች ደግሞ እስከ 240 ይሄዳሉ። ልዩነቱ ቀልድ አይደለም። ፈጣን ሯጭ እግሩ መሬት የሚነካው ለ0.1 ሰከንድ ያህል ነው፤ በ30 ፍሬም ሦስት ምስል ታገኛለሽ፣ በ240 ደግሞ 24። ከፍ ላሉት ክፍሎች ከፊዚክስ መምህሩ ጋር ተነጋግረሽ ቆንጆ ነገር መሥራት ትችያለሽ። ልጁ ካለበት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይዝለል። እግሩ መሬት ከለቀቀበት ፍሬም እስከ ነካበት ፍሬም ቁጠሩ፣ ወደ ሰከንድ ቀይሩት። የዝላዩ ከፍታ 9.81 ሲባዛ በጊዜው ስኩዌር፣ ሲካፈል ለ8 ነው። ግማሽ ሰከንድ አየር ላይ ከቆየ 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። በ30 ፍሬም ከሆነ አንድ ፍሬም ብትስቱ 4 ሴንቲ ሜትር ትሳሳታላችሁ፣ በ240 ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ። አየር ላይ ጉልበት አጥፎ ማረፍ ግን ክልክል ነው፤ ሸውደው ጊዜ የሚጨምሩ አይጠፉም።

ለትንተና የሚከፈልበት አፕ አትግዢ። በኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ኪኖቪያ ነፃ ነው፣ አንግል ይለካል፣ ሁለት ቪዲዮ ጎን ለጎን ያሳያል። ኮችስ አይ የሚባለውን አፕ ስንቱ መምህር ለምዶት ነበር፤ በ2022 ኩባንያው ዘጋው። ትምህርትሽን በአንድ አፕ ላይ አትገንቢ። ከታብሌቱ ጋር የመጣው ካሜራ ዘጠና በመቶ የሚሆነውን ሥራ ይሠራልሻል።

እሺ፣ ሰዓቶቹ። አለቆችሽ ለምን እንደፈለጓቸው ይገባኛል፤ ቁጥር ይሰጣሉ፣ ቁጥር ደግሞ ፍትሐዊ ይመስላል። ግን አይደለም፣ እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው። ሁለት ልጆች አንድ ላይ በአንድ ፍጥነት ሲሮጡ፣ በየቀኑ የሚሮጠው ልጅ ልቡ ቀስ ብሎ ይመታል፣ ያልለመደው ልጅ ልብ ደግሞ ይጋልባል። ማርክ በልብ ምት ከሆነ ጎበዙ ወደቀ፣ ያልለመደው አለፈ! ሌላ ቀን ደግሞ ሙቀቱ፣ ፍርሃቱ፣ የእንቅልፍ እጦቱ ሁሉ ምቱን ከፍ ያደርጋል። የልብ ምት የጥረት ምልክት እንጂ የችሎታ ማስረጃ አይደለም፤ የጥረት ምልክትነቱም ለራሱ ለልጁ ነው እንጂ ከጎረቤቱ ጋር ለማወዳደር አይሆንም።

ከዚያ ደግሞ «ዞኑ» የሚባለው፣ ሰዓቱ የጥረቱን ደረጃ በቀለም የሚለይበት፣ ከየት መጣ? ብዙ ሰዓቶች ትልቁን የልብ ምት ለመገመት 220 ሲቀነስ ዕድሜ ብለው ይጀምራሉ። ይህ ቀመር የአዋቂዎች ነው። በ2001 የተሻሻለው፣ 208 ሲቀነስ 0.7 ሲባዛ ዕድሜ የሚለውም እንደዚሁ። ለ14 ዓመት ልጅ አንዱ 206፣ ሌላው 198 ይላል። ልጆችና ታዳጊዎች ላይ ትልቁ የልብ ምት 200 አካባቢ ነው፣ በዕድሜ ብዙም አይቀያየርም፣ ከልጅ ልጅ ግን በ10 እና ከዚያ በላይ ይለያያል። ሰዓቱ ቀይ ቀለም ሲያሳይ አንዱ ልጅ ሊወድቅ ደርሷል፣ ሌላው ወሬ እያወራ ነው።

የመለኪያው የራሱ ችግርም አለ። የእጅ ሰዓት አረንጓዴ ብርሃን ቆዳ ውስጥ ልኮ የደሙን ፍሰት ነው የሚያነበው። ላልቶ ከታሰረ፣ እጅ ከተወራጨ፣ ዱላ ወይም ገመድ ጠበቅ አድርገው ከያዙበት ይሳሳታል። የልጅ እጅ ደግሞ ቀጭን ነው፣ አይገጥምለትም። ደረት ላይ የሚታሰረው በጣም ይሻላል፣ የፊንላንዱ ፖላር ከ1982 ጀምሮ ያለ ሽቦ እየሠራው ነው፤ ግን 45 ልጅ ልብስ ውስጥ ማሰሪያ ማስገባት፣ በየቀኑ ማጠብ፣ በዚያ ላይ የሴቶቹ ልጆች ምቾት፣ አይሆንም።

ስለ 10,000 እርምጃም አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። ቁጥሩ የመጣው በ1965 ጃፓን ውስጥ ከተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው፣ ለገበያ። የልጅ ማርክ መመዘኛ እንዲሆን ያወጣው የለም። ልጆች ደግሞ ብልጥ ናቸው፤ ተቀምጠው እጃቸውን እየወዘወዙ ይሞሉታል።

«ግን ያነሳሳቸዋል እኮ» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። ለጥቂት ጊዜ፣ አዎ። በ2016 ፖኬሞን ጎ የተባለው፣ እየተራመዱ የሚጫወቱት የስልክ ጌም ሲወጣ ወጣት ተጫዋቾች በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ወደ 1,000 የሚጠጋ እርምጃ ጨመሩ፤ በስድስተኛው ሳምንት ወደነበሩበት ተመለሱ። በ2017 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ከ13 እስከ 14 ዓመት ያሉ ተማሪዎችን ለ8 ሳምንት ፊትቢት የተባለውን የእጅ መለኪያ አሳሰረ፤ መጨረሻ ላይ ከውስጥ የሚመጣው ፍላጎታቸው ቀነሰ፣ ጫናና ግዴለሽነት ጨመረ። በትምህርት ቤት፣ በዚያ ዕድሜ፣ ከጓደኛ ጋር እየተወዳደሩ ሲሆን ይህ አይገርመኝም። ማርክ ሲጨመርበት አስቢው።

እንግዲህ የልብ ምት ማስተማር ተይ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ማስተማር አለብሽ። ሁለት ጣት አንገት ላይ በቀስታ፣ 15 ሰከንድ መቁጠር፣ በ4 ማባዛት። 45ቱም በአንድ ጊዜ፣ በስፒከሩ ድምፅ። ሌላው የወሬ ፈተና ነው፤ እየሮጠ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻለ መካከለኛ ነው፣ ሁለት ቃል ተናግሮ ከተነፈሰ ከባድ ነው። ይህን የተማረ ልጅ ሰዓት ኖረም አልኖረም ሰውነቱን ያውቃል። ሰዓቶቹ ተገዝተው ካለቁና መመለስ ካልተቻለ፣ አምስት ስድስቱን ብቻ አውጪ። አንድ ቡድን ይሰር፣ «ከገመድ ዝላይና ከኳስ ማንጠር ልብ የሚያስሮጠው የትኛው ነው?» ብሎ ይገምት፣ ይለካ፣ ለክፍሉ ይንገር። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቡድን።

የዳንስና የእንቅስቃሴ ጌሞች? ዝናብ ሲሆንና አዳራሽ ውስጥ ስትሆኑ፣ ፕሮጀክተር ካለ፣ የዳንስ ቪዲዮ ጥሩ ነው፤ ኳስ የሚፈሩ ልጆች እዚያ ሲፈነድቁ ታያለሽ። ማሽን ገዝቶ ሁለት ልጅ ሲጫወት 43 ልጅ ማየት ግን ሲኒማ ነው። የአካል ብቃት ጌም ለልጆች ቤት ተሰጥቶ ምን እንደተለወጠ ያየ በ2012 የታተመ ጥናት አለ፤ የቀን እንቅስቃሴያቸው አልጨመረም።

አሁን መቀረጽ ስለማይፈልጉት። ልጅ አልፈልግም ካለ አይቀረጽም፤ «ለምን» ብለሽ በክፍሉ ፊት አትጠይቂ። ከወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ውሰጂ፣ ግን የወላጅ ፊርማ የልጁን «አይ» አይሽረውም። የምትጠቀሚው የትምህርት ቤቱን ታብሌት ነው። የአንቺም ሆነ የልጆች የግል ስልክ አይገባም፣ አንድ የሚያሳፍር መውደቅ ቲክቶክ ላይ ከወጣ ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሜዳ አይወጣም። ታብሌቱ ከኢንተርኔት ይቋረጥ፣ የተቀረጸ ነገር ካለ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ይጥፋ። ልብስ መቀየሪያ አካባቢ ካሜራ ያለው ምንም ነገር አይድረስ። «ፊቴ ብቻ አይታይ» ለሚል ልጅ ካሜራውን ዝቅ አድርጊና ከጉልበት በታች ብቻ ያሳይ፤ ለመነሻ እግር ይበቃል፣ ፊት አያስፈልግም። ጭራሽ ለማይፈልገው ልጅ ደግሞ ጓደኛው በዓይኑ አይቶ ያንኑ አዎ ወይም አይደለም ጥያቄ ይመልስለት፤ ብዙ ጊዜ ከቪዲዮው አያንስም። ሩጫ በጂፒኤስ የሚመዘግብ አፕ ካሰብሽ ደግሞ ተጠንቀቂ፤ በ2018 መጀመሪያ ላይ ስትራቫ የተባለው የሩጫ መመዝገቢያ አፕ ካርታ የወታደር ካምፖችን አጋልጦ ዓለም ጉድ ብሎ ነበር። የልጆች የመኖሪያ ሰፈር ከዚያ አያንስም።

ሳልረሳው፣ የታመመ፣ የተጎዳ ወይም አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ሁልጊዜ ቀራጭ እንዳይሆን። ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ ደግነትም ይመስላል፤ «አንተ ካሜራውን ያዝ»። በዓመቱ መጨረሻ ልጁ 80 ደቂቃውን ሁሉ ቆሞ ያሳለፈ ካሜራማን ነው። የሚችለውን እንቅስቃሴ ፈልጊለት፣ ቀረጻው ለሁሉም ተራ በተራ ይድረስ። ትራይፖድ ካለማ ቀራጭም አያስፈልግሽ።

ለርዕሰ መምህሩ ምን ትያቸዋለሽ? ክርክር አትግጠሚ። ያንን የባልደረባሽን የደቂቃ ቆጠራ አንድ ገጽ ላይ ጻፊ፣ ከስፒከሩ በፊትና በኋላ። ከጎኑ የ15 ደቂቃዋን ሂሳብ አስቀምጪ። ከዚያ ለሰዓቶቹ በተያዘው በጀት ሁለት ጥሩ ትራይፖድ፣ ለታብሌቱ መውደቅን የሚቋቋም ሽፋን፣ አንድ ፓወር ባንክ፣ የቀረው ኳስና ገመድ ይሁንልኝ በዪ። ለ45 ልጅ ስንት ኳስ አለሽ? አልነገርሽኝም፣ ግን ሰልፉ የሚረዝመው ብዙ ጊዜ በኳስ እጥረት ነውና እዚህ ጋ በርትተሽ ጠይቂ። ማርኩን በተመለከተ ደግሞ ልጁ በደብተሩ የያዘውን የራሱን ለውጥና ያቺን አዎ ወይም አይደለም መመዘኛ አሳዪያቸው፤ ቁጥር ከፈለጉ እሱም ቁጥር አለው። ከሰኞ ጀምሮ ስፒከሩን ብቻ ይዘሽ ውጪ፣ ታብሌቱን ልጆቹ ጣቢያ መቀየር ከለመዱ በኋላ አስገቢው።